መስከረም ከቼታ ጋር፦ የዱባይ የመጀመሪያ ቀናት ማስታወሻ

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ከቦሌ የተነሣነው ጳጉሜን 5 ሌሊት ስለነበረ አዲሱን ዓመት የተቀበልኩት በአየር ላይ ነው። ዱባይ ስንደርስ ገና አልነጋም፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ወጥቼ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ስስብ ግን አየሩ ክዳኑ እንደ ተነሣለት ድስት እንፋሎት ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ቀጣሪያችን የላከው ሾፌር ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ቆሞ ነበር። አንዱ የእኔ ስም ሲሆን ሌላው ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ ግዛት የሚመጣ ሰው ስም ነው። ከኮቺ የተነሣው አውሮፕላን እንደ እኛው አራት ሰዓት ያህል በርሮ የደረሰ ሲሆን፣ ሰውየው በገመድ የተጠፈረ ካርቶን እየገፋ መጣ። በካርቶኑ በአራቱም ጎን ስሙና የስልክ ቁጥሩ በትልልቁ ተጽፎበታል። ኋላ ሲፈታው ከውስጡ የሙዝ ጥብስ፣ የማንጎ አቻር፣ የኮኮናት ዘይትና ቀይ ሩዝ ወጣ። የእኔ ሻንጣ ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮና እናቴ የቋጠረችልኝ ቆሎ ነበረበት።

ማደሪያችን ደይራ በሚባለው በአሮጌው የከተማ ክፍል፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ሦስት ተደራራቢ አልጋዎች አሉት፤ አራቱን ነባሮች ይዘዋቸዋል፤ ሁለቱ የላይ አልጋዎች ለእኛ ቀርተዋል። ከነባሮቹ ሦስቱ የኬረላ ሰዎች ሲሆኑ አንዱ ኔፓላዊ ነው። ኬረላዎቹ አዲሱን ሰው ገና ስሙን እንኳ አጣርተው ሳይጠይቁ «ቼታ» ብለው ጠሩት። በማላያላም ቋንቋ «ታላቅ ወንድም» ማለት ነው፤ እኛ «ወንድም ጋሼ» እንደምንለው ያለ አጠራር። ዕድሜው 36 ስለሆነና እኔን በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ እኔም ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ቼታ አልኩት። የክፍሉን ትልቅ ሰው፣ ከማላፑራም የመጡትንና ዱባይ 19 ዓመት የኖሩትን ሙስሊም አባት ግን «ኢካ» ይሏቸዋል፤ ትርጉሙ ያው ታላቅ ወንድም ሲሆን ሙስሊሞቹ የሚጠሩበት ነው።

ማታ ሁሉም ተኝቶ ቼታ ከአልጋው ወርዶ በዝግታ ወጣ። ተከተልኩት። ደረጃውን እየቆጠረ እስከ ምድር ቤት ወረደ፤ ቀጥሎም እየቆጠረ ተመለሰ። ከአልጋችን እስከ ሕንፃው ደጅ 74 እርምጃ ነው አለኝ። ባለፈው ሰኔ 5 ቀን በኩዌት፣ መንገፍ በተባለው ሰፈር፣ የሠራተኞች ማደሪያ በእሳት ተቃጥሎ 45 ሕንዳውያን ሞተዋል፤ ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ሚስቱ ይህን ሳያደርግ እንዳይተኛ አስምላዋለች።

መስከረም 2፣ ሐሙስ

የዛሬው ቀን በወረፋ አለቀ። በመጀመሪያ ለመኖሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገውን የጤና ምርመራ አደረግን፤ ደም ሰጠን፣ የደረት ራጅ ተነሣን። ቀጥሎ ለኤምሬትስ መታወቂያ የአሥር ጣቶቻችንን አሻራ ሰጠን። የቼታ ጣቶች የጎማ ዛፍ ቅርፊት እየበጡ ፈሳሹን ሲያወርዱ በኖሩበት ዘመን ስለ ተላጡ መሣሪያው ደጋግሞ እምቢ አለ፤ ሠራተኛዋ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ሦስት ጊዜ ሞከረችለት። የትውልድ አገሩ ኮታያም የጎማ ተክል አገር ናት።

ከሰዓት በኋላ የቅጥር ውሉን አየን። ውሉ በአረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ሠራተኛው የሚረዳው ሦስተኛ ቋንቋ ይታከልበታል። ከሚመረጡት ቋንቋዎች ማላያላም አንዱ ስለሆነ ቼታ እያንዳንዱን አንቀጽ በአፍ መፍቻው አነበበ፤ የሙከራ ጊዜው ከስድስት ወር እንደማይበልጥ፣ የሳምንቱ ሥራ 48 ሰዓት እንደሆነ፣ ዓመት ለሠራ 30 ቀን ዕረፍት እንዳለው። አማርኛ ከቋንቋዎቹ መካከል የለም። እኔ እንግሊዝኛውን አነበብኩ፤ እንግሊዝኛ የማታነብ እህቴ በዚሁ መንገድ መጥታ ቢሆን ኖሮ ምን ላይ ትፈርም ነበር የሚለው ሐሳብ ግን ቀኑን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። በዚህ አገር ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን ይኖራሉ። አንድ ቋንቋ በመንግሥት ወረቀት ላይ ቦታ የሚያገኘው ከእሱ በፊት የመጡ ብዙዎች ቦታውን ስለጠረጉለት ነው፤ ቼታ ያገኘው ውርስ ይህ ነው።

መስከረም 4፣ ቅዳሜ

ሥራ የምንጀምረው ሰኞ ስለሆነ ኢካ ገበያ ይዘውን ወጡ። ቼታ የነካውን ዕቃ ሁሉ በ23 ያባዛል። አንድ ድርሃም 22 ሩፒ ከ80 ፓይሳ ገደማ ስለሚመነዘር በአሃዝ አጠጋግቶ ነው የሚያሰላው። ካራክ የሚባለው የ1 ድርሃም የወተት ሻይ ለእሱ 23 ሩፒ ነው፤ አገሩ በዚያ ገንዘብ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ሊጠጣ እንደሚችል ነገረኝና ሳይጠጣ ቀረ። ትራስ አነሣ፣ አባዛ፣ መልሶ አስቀመጠ። ሹራቡን ጠቅልሎ እንደሚተኛበት ነገረን። እኔም ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ከሐምሌ 22 በፊት አንድ ድርሃም 15 ብር አካባቢ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ወደ 30 ብር ተጠግቷል፤ ስለዚህ ሳሰላ የትኛውን ቁጥር መያዝ እንዳለብኝ እንኳ ግራ ይገባኛል።

ኢካ ሲታገሡ ቆይተው በመጨረሻ ቼታን ክንዱን ያዙት። «የምታባዛ ከሆነ ትራባለህ፤ የማታባዛ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ አይተርፍህም። ለሆድህ አታባዛ፤ ለሌላው ሁሉ አባዛ» አሉት። በ19 ዓመት የተማሩት ይህን ይመስለኛል። እኔ ግን ቼታ እንደዚህ በቀላሉ እንደማይተው ገባኝ፤ ለእሱ ማባዛት ከቤቱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው።

በመንገድ ላይ ድንገት ቆሞ አማተበ። ዛሬ በእነሱ ዘንድ የመስቀል በዓል እንደሆነ ነገረኝ። ያኔ ነው በኬረላ ያለችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን መሆኑን ያወቅሁት። የእኛ መስቀል በ17 እንደሆነ ስነግረው እጄን ይዞ ቀረ። ቤተ ክርስቲያናችንና ቤተ ክርስቲያናቸው እኅትማማች ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ በሰበሰቡ ጊዜ የእነሱም ካቶሊኮስ፣ ማለትም የበላይ አባታቸው፣ ተገኝተው ነበር። ይህን ታሪክ ቼታ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል፤ በሰንበት ትምህርት ቤታቸው ይማሩታል። ረቡዕና ዓርብም ይጾማል።

መስከረም 5፣ እሑድ

ዛሬ ኦናም ነው። ኦናም የኬረላ የመከር በዓል ሲሆን ሂንዱው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ያከብሩታል። በአፈ ታሪካቸው ማሃባሊ የሚባል ደግና ፍትሐዊ ንጉሥ ከምድሩ ተሰድዶ ወደ ታችኛው ዓለም ወርዷል፤ ሆኖም በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡን መጥቶ እንዲያይ ተፈቅዶለታል። ቤቶች ሁሉ ደጃፋቸውን በአበባ ምንጣፍ አስጊጠው የሚጠብቁት እሱን ነው። ሴት ልጆቻችን አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ከሄዱበት ቀን አራት ቀን ብቻ ስለሚርቅ ዓመቱን በአበባ የምንቀበል እኛ ብቻ አለመሆናችንን ሳውቅ ደስ አለኝ።

ክፍላችን ውስጥ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ተነጠፈ፤ በላዩም በአውሮፕላን ከኬረላ የመጣ የሙዝ ቅጠል ተዘረጋ። አረንጓዴው ቅጠል ላይ ቀይ ሩዝ፣ ሳምባር የተባለው የምስርና የአትክልት ወጥ፣ በኮኮናት የተሠሩ አትክልቶች፣ አቻር፣ በመጨረሻም ፓያሳም የተባለው ጣፋጭ ቀረበ። ሥጋ የለበትም፤ በእጅ ይበላል። እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ በቀኝ እጄ ሳነሣ ማንም እንዴት እንደሚበላ ሊያሳየኝ አላስፈለገም። ኢካ ከበሉ በኋላ ቅጠላቸውን ወደ ራሳቸው አጠፉት፤ በሚገባ ለጠገበ ሰው ወጉ እንደዚያ ነው። ከዚያም ወደ ቼታ ዞረው «ማሃባሊ እኛ ነን፤ በዓመት 30 ቀን ይፈቀድልናል» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ዘንድሮ በዓሉ በኬረላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የዋለው። ሐምሌ 23 ቀን በዋያናድ አውራጃ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች በመሞታቸው የግዛቱ መንግሥት ይፋዊውን የበዓል ዝግጅት ሰርዟል። ቼታ ይህን ሲነግረኝ ጎፋን አነሣሁበት። ከዚያ ስምንት ቀን ብቻ ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 15፣ በጌዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የመጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀብሯቸዋል፤ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። በአንድ ክረምት፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት። ስለ ጎፋ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ እኔም ስለ ዋያናድ። የቦታውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍልኝ ብሎ ለሚስቱ ላከላት፤ በሚቀጥለው ቅዳሴ ሁለቱን አብራ ታስታውሳለች።

መስከረም 6፣ ሰኞ

የሥራ መጀመሪያ ቀን። አውቶቡሱ ከማደሪያችን በር ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል፤ አል ቁዝ የሚገኘው የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቼታ በዕቃ ተቀባይነት፣ እኔ በመዝጋቢነት ተመደብን። በመንገዱ ዳር የግንባታ ሠራተኞች በፀሐይ ተሰልፈው አየን። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ከቀትር በኋላ ከ6፡30 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥራ የሚከለክለው ደንብ ትናንት አልቋል፤ ሙቀቱ ግን ደንቡን ተከትሎ አላለቀም።

መስከረም 9፣ ሐሙስ

ቼታ ሰዓቱን አልቀየረም። የእጅ ሰዓቱ አሁንም የሕንድን ሰዓት ይቆጥራል፤ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል እየቀነሰ ነው የሚኖረው። ዱባይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ኮታያም 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ገና 12 ሰዓት። የስምንት ዓመት ልጁ 3 ሰዓት ላይ ስለምትተኛ ከሥራ ተመልሶ ልብሱን ሳይቀይር ቦቲም በተባለው የስልክ መተግበሪያ መደወል አለበት፤ በዚህ አገር የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ሁላችንም በቦቲም ነን። አውቶቡሱ በመንገድ መጨናነቅ የዘገየ ዕለት ልጅቱ ተኝታ ያገኛታል። ዛሬ ተኝታ ነበር። ሚስቱ ስልኩን ወደ አልጋው አዙራ የተኛችውን አሳየችው፤ ምንም ሳይናገር ረዘም ላለ ጊዜ አያት።

መስከረም 12፣ እሑድ

የዕረፍት ቀናችን ስለሆነ በጠዋት ኡድ ሜታ ወደሚገኘው የአብያተ ክርስቲያናት ሰፈር በሜትሮ ሄድን፤ ቼታ በማላያላም የሚቀደሰውን ቅዳሴ አስቀደሰ፤ እኔም ከኋላ ቆምኩ። ቃሉን ባልረዳም «ቂርየ ላይሶን» ሲሉ ተከትያቸው አልኩ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ አረጋዊ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው አጎታቸው በሐረር ሂሳብ ያስተምሩ እንደነበር ነገሩኝ። አባቴም በ1960ዎቹ ደሴ ሲማሩ የሂሳብ መምህራቸው የኬረላ ሰው ነበሩ፤ አባቴ ዛሬም ሲደምሩ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ የሚጠሩት በእሳቸው አነጋገር ነው። በዚያ ዘመን በጣም ብዙ የኬረላ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማርተው አስተምረዋል። ስለዚህ ከኬረላ ለሥራ የተሰደደ ሰው ስመለከት ቼታ ለእኔ የመጀመሪያው አይደለም፤ እነዚያ በእኛ አገር ቤት ተከራይተው፣ እንጀራ ለምደው፣ ደመወዛቸውን ወደ ኮታያምና ወደ ትሪቫንድረም ሲልኩ ኖረዋል። እንዴት እንደከረሙ፣ ማን ሰዓታቸውን ጠይቋቸው እንደነበር አባቴን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ማታ ደውዬ ልጠይቃቸው ወስኛለሁ።

ከሰዓት በኋላ የባሕሩን ሰርጥ በአብራ ተሻገርን። አብራ የእንጨት ጀልባ ነው፤ ክፍያው 1 ድርሃም። ቼታ አባዛ፤ ሆኖም ተሳፈረ። ኢካ ወዲያና ወዲህ ያለውን ዳርቻ እያሳዩ እስከ 1966 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዚህ ገበያ የሚገበያዩት በሩፒ እንደነበር ነገሩን። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ብቻ የታተመ ሩፒ ያወጣ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሕንድ የገንዘቧን ዋጋ ስትቀንስ ዱባይና አንዳንድ ጎረቤቶቿ ተዉት። ቼታ ይህን ሲሰማ ብዙ ቆየና «ያኔ ቢሆን ኖሮ ማባዛት አያስፈልገኝም ነበር» አለ።

ከጀልባው ስንወርድ ስለ ዕዳው ነገረኝ። ሥራውን ላስገኘለት ደላላ 120,000 ሩፒ ከፍሏል። በአገሩ ደንብ አንድ ወኪል ከሠራተኛ ሊቀበል የሚችለው ከ30,000 ሩፒና ከታክሱ አይበልጥም፤ የዚህ አገር ሕግ ደግሞ የቅጥር ወጪ በአሠሪው ላይ እንጂ በሠራተኛው ላይ እንዳይወድቅ ይደነግጋል። ሁለቱንም ሕግ ቼታ የሰማው ከከፈለ በኋላ ነው። ገንዘቡን ያገኘው የሚስቱን የሠርግ ወርቅ በመያዣ አስይዞ ነው፤ ወለዱ በየወሩ ይቆጥራል። ደመወዛችን 1,500 ድርሃም ስለሆነ ዕዳው የሦስት ወር ተኩል ደመወዝ ይሆናል፤ ያውም ሳይበላ። ዕለት ዕለት በ23 የሚያባዛው በዚህ ምክንያት ነው። ከወርቁ ገበያ በር ሲያልፍ አንገቱን የሚደፋበትንም ምክንያት ዛሬ ተረዳሁ። በዚህ ነገር ተናድጃለሁ፤ ድሃ ሰው ለመሥራት ዋጋ መክፈል የለበትም፤ ሕጉም በሁለቱም አገር ይህንኑ ብሎ ሳለ ከደላላው ቢሮ ደጃፍ አልፎ ሊገባ አልቻለም።

መስከረም 17፣ ዓርብ

መስቀል። ሥራ ውለን ነው የተመለስነው፤ ደመራ አልነበረም፤ በሕንፃ ውስጥ እሳት ማንደድ አይቻልም፤ ቼታም ባለበት ክፍል ማንደድ አልፈልግም። ደይራ ካለ የሐበሻ ሱቅ እንጀራ ገዝቼ በእናቴ ሽሮ ወጥ ሠራሁ። ቼታ እንጀራውን ቀደድ አድርጎ አሸተተና አፓም የሚባለውን፣ እንደ እንጀራ የሚቦካውን የራሳቸውን የሩዝ ቂጣ አስታወሰ። «ይህ የእኛ ነው፤ ትንሽ ጠቁሯል እንጂ» አለ። ኢካም ቀመሱ፤ ኔፓላዊው ደግሞ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ቼታ ማታ ከአልጋው ላይ ሆኖ በአማርኛ እስከ አሥር መቁጠር አስተምረኝ አለኝ። እኔም የማላያላሙን ጠየቅሁት፦ ኦን፣ ራንድ፣ ሙን። ሦስት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

መስከረም 20፣ ሰኞ

ደመወዝ ገባ። በዚህ አገር ደመወዝ ከ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ መንግሥት በሚከታተለው የባንክ ሥርዓት ስለሚከፈል ያልከፈለ አሠሪ ወዲያው ይታወቃል። ከመጣንበት ቀን ታስቦ ለእያንዳንዳችን 1,000 ድርሃም ደረሰን። ገንዘብ ማስተላለፊያው ደጃፍ ላይ ሰልፉ መንገዱን አልፎ ነበር፤ ሁሉም ከግድግዳው ላይ ያለውን የዕለቱን ምንዛሪ እያየ ይጠብቃል። ቼታ 800 ድርሃም ላከ፤ 18,000 ሩፒ አለፈ። ደረሰኙን ካየው በኋላ በአራት አጥፎ መታወቂያው ከኋላ ሸጎጠው። በቀሪው 200 ድርሃም እስከሚቀጥለው ወር መኖር አለበት፤ በተራ አብስለን ስለምንበላ ይቻላል።

ከመመለሳችን በፊት ወደ ዕቃ መሸጫው ገባና ያንን ትራስ አነሣ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ማባዛቱን አልተወም። ከፈለ።

መስከረም 21፣ ማክሰኞ

ዛሬ አውቶቡሱ አልዘገየም። ልጅቱ ነቅታ ነበር፤ ሥዕል ሥላ በስልኩ ፊት ያዘችለት፤ የአውሮፕላን ሥዕል ነው። ከዚያ አሁን እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው ብላ ጠየቀችው። የእጅ ሰዓቱን አይቶ እንዳነበበ ነገራት፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ ከዚያ ደግሞ የእሷን ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሮ ነገራት። ሰዓቱን መቼ እንደቀየረው አላየሁም። ማንቂያውን ለንጋቱ 11 ሰዓት ሞልቶ አዲሱን ትራስ አመቻቸና ተኛ።